የሣጥኗ አደራ፦ ቅርስ ምንድን ነው? ዛሬስ ምን ይሠራልናል?

በብዙዎቻችን ቤት ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን አናት ላይ የምትቀመጥ አንዲት አሮጌ ሣጥን አለች። ቁልፏ ከእናት ወይም ከአያት መቀነት አይለይም። ስትከፈት የናፍታሊንና የቆየ ጨርቅ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። ውስጧ በጥንቃቄ የታጠፈ የሠርግ ቀሚስ፣ የብር አምባር፣ ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ቀለሙ የደበዘዘ የግብር ደረሰኝ ይገኛል። በአንዱ ቤት በብራና የተጻፈች ዳዊት፣ በሌላው ቤት ቅድመ አያት በእጃቸው የገለበጡት ቁርኣን ይኖርባታል።

ከእነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ ገበያ ቢወጡ ይህ ነው የሚባል ዋጋ አያወጡም። ሆኖም ክፉ ቀን ሲመጣ በሬው ይሸጣል፣ ቴሌቪዥኑ ይሸጣል፣ ሣጥኗ ግን አትነካም። እሳት ቢነሣ ከልጆች ቀጥሎ የምትወጣው እሷ ናት። ለምን ይሆን? ይህን ጥያቄ በቅጡ የመለሰ ሰው የቅርስን ትርጉም ግማሹን ተረድቷል። ሌላውን ግማሽ ለመረዳት ከሣጥኗ ተነሥተን እስከ አክሱም፣ እስከ ኮንሶ፣ እስከ ኢየሩሳሌምና እስከ ሮተርዳም እንሄዳለን።

ሦስት ሰዎች

«ቅርስ» የሚለው ቃል በቆየው የቤት አነጋገር ተጠራቅሞ ለተቀመጠ ሀብትም ያገለግላል። ጥሪትና ቅርስ ያለው ሰው ለነገ ያስቀመጠ ሰው ነው። በዛሬው አጠቃቀም ቃሉ ሰፍቶ ሐውልትን፣ ቤተ መንግሥትን፣ መጽሐፍን፣ ዜማን፣ በዓልን ሁሉ ይሸፍናል። የድሮው ትርጉም ግን አልጠፋም። ቅርስ ዛሬም «ተበልቶ እንዳያልቅ የተቀመጠ» ማለት ነው።

አንድ ነገር ቅርስ እንዲሆን ሦስት ሰዎች ያስፈልጉታል። አንደኛው የሠራው ነው፤ ሁለተኛው የያዘው፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚረከበው። የሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት የለም። የሚረከበውም ገና አልተወለደ ይሆናል። በመሐል ያለው፣ ዕቃውን በእጁ የያዘው ሰው፣ ሁለቱን አይቷቸው አያውቅም፤ ግን ለሁለቱም ተጠሪ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ኃላፊነት ቋንቋችን ከጥንት ጀምሮ ስም አውጥቶለታል፦ አደራ። አባቶች «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ አደራ የተቀበለ ሰው እንደ ባለቤት መሸጥም መለወጥም እንደማይችል እየነገሩን ነው።

ስለዚህ ቅርስን ከተራ አሮጌ ዕቃ የሚለየው ዕድሜው ብቻ አይደለም። ከወንዝ ዳር ያለ ድንጋይ ከአክሱም ሐውልት በብዙ ሚሊዮን ዓመት ሊበልጥ ይችላል፤ ማንም ለማንም አደራ ብሎ ስላልሰጠው ግን ድንጋይ ነው። የእናት የሠርግ ቀሚስ ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት ላይበልጥ ይችላል፤ ተሰጥቷልና ቅርስ ነው። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የምንላት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ እስክትገኝ ድረስ አፋር ምድር ውስጥ የተቀበረች አጥንት ነበረች። ቅርስ የሆነችው ሰዎች አግኝተው፣ ስም ሰጥተው፣ «ይህች የሁላችንም ናት» ብለው ከተረከቧት በኋላ ነው።

የሚዳሰሰውና የማይዳሰሰው

ዓለም ቅርስን በጋራ ለመጠበቅ የተነሣሣው በአንድ ትልቅ ጭንቀት ምክንያት ነው። ግብፅ በአስዋን ታላቁን ግድብ ለመሥራት ስትወስን፣ ከግድቡ ጀርባ የሚተኛው ውኃ የኑብያን ጥንታውያን ቤተ መቅደሶች ሊውጥ ሆነ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1960 ጥሪ አቀረበ። ብዙ አገሮች ገንዘብና ባለሙያ አዋጡ። የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶችም በትልልቅ ብሎክ ተቆርጠው ከውኃው በላይ ካለ ከፍታ ላይ እንደገና ተገጣጠሙ። ያ ሥራ አንድ ሐሳብ አስጨበጠ፦ በአንድ አገር መሬት ላይ ያለ ቅርስ ቢጠፋ ጉዳቱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው የዓለም ቅርስ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1972 ጸደቀ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት የተመዘገቡት 12 ቦታዎች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ሁለቱ የኢትዮጵያ ናቸው፦ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ከዚያ በኋላ ፋሲል ግቢ፣ አክሱም፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎች፣ ጥያ፣ የሐረር ጀጎል፣ ኮንሶ፣ ጌዴኦ፣ የባሌ ተራሮች፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ተጨምረው ቁጥሩ 12 ደርሷል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ውስጥ የሚገባው የሚዳሰስ ነገር ብቻ በመሆኑ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ላሊበላን እንውሰድ። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ የፈለፈሉት እጆች ካለፉ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗል። በገና ዕለት ግን ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ወጥተው «ቤዛ ኩሉ» የተባለውን ዜማ እያዜሙ ሲያሸበሽቡ፣ ከታች ያለውም ሕዝብ ሲያጅብ፣ ሕንፃው የተሠራበት ምክንያት በዓይን ይታያል። ዜማው ቢጠፋ አለቱ አይፈርስም። ግን ምን ይሆናል? መልሱ የጠፋበት ጥያቄ ይሆናል።

ይህን በመረዳት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ ሌላ ስምምነት አጸደቀ። በዚህ ሥር የሚካተቱት አምስት ዘርፎች ናቸው፦ ተረትና ምሳሌን የመሰለ የቃል ሀብት፤ ዜማ፣ ጭፈራና ትርኢት፤ በዓልና ማኅበራዊ ሥርዓት፤ ስለ ተፈጥሮ ያለ ዕውቀት፤ እንዲሁም የእጅ ጥበብ። ከኢትዮጵያ የመስቀል በዓል፣ የሲዳማው ፊቼ ጨምበላላ፣ የኦሮሞው የገዳ ሥርዓት፣ የጥምቀት በዓልና የሐረሪው ሹዋሊድ ተመዝግበዋል።

ሁለቱ ዓይነት ቅርሶች እንደ ሥጋና ነፍስ አይለያዩም። የብራና መጽሐፍ የሚዳሰስ ቅርስ ነው። የፍየሉን ቆዳ ነክሮ፣ ወጥሮ፣ ፍቆ እንደ ወረቀት ማሳሳት፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ መቃውን መቅረጽ፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ለይቶ መጻፍ ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በእጅና በዓይን የሚተላለፍ ዕውቀት ነው። መጽሐፉን መስተዋት ውስጥ ቆልፈን ማቆየት እንችላለን፤ ዕውቀቱ ግን የሚቆየው የሚሠራበት ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

መጽሐፉን የጠየቀው ንጉሥ

ቅርስ ምን እንደሚሠራ ከየትኛውም ትርጓሜ በላይ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ያሰባሰቡት መጽሐፍ፣ ጽላት፣ ዘውድና መስቀል በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። ከዚያም በወታደሮች መካከል ለጨረታ ቀረበ። ብዙው ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከአራት ዓመት በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ደብዳቤ ጻፉ። ወርቁን መልሱልኝ አላሉም። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ «ክብረ ነገሥት» የተባለውን መጽሐፍና «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለውን የጌታ ሥዕል። ስለ መጽሐፉ የሰጡት ምክንያት በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የአገሪቱ ሕግ፣ የአለቆች፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የአውራጃዎች ስም በዚህ መጽሐፍ እንደተጻፈ፣ ያለ መጽሐፉም ሕዝባቸው ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል አስረዱ።

ለንደን ላይ ያ መጽሐፍ ከብዙ የብራና ጥራዞች አንዱ፣ ቁጥር ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ብርቅ ነገር ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሕዝብና መንግሥት የሚተማመኑበት ሰነድ ነበር። ዕቃው አንድ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ባለበት ቦታና በያዘው ሰው ይለያያል። ከመቅደላ ከተወሰዱት ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አንደኛው ተመለሰ። ሥዕሉ ግን ሊገኝ አልቻለም ተባለ። ከዘመቻው ጋር የሄደው የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ ይዞት እንደነበር የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የአክሱም ሐውልትም ከዚህ ታሪክ ጋር ይዛመዳል። 24 ሜትር ቁመት ያለውና ከ150 ቶን በላይ የሚመዝነው ሐውልት በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ አደባባይ ላይ ተተከለ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል በወረራው የዘረፈችውን ልትመልስ ግዴታ ገባች። ሐውልቱ ግን አገሩ የገባው በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጭኖ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ቆሞ የተመረቀው ደግሞ ነሐሴ 2000 ዓ.ም.። በመሐሉ ብዙ የጠየቁ፣ የጻፉ፣ የተሰለፉ ሰዎች ሐውልቱ ሳይመለስ አረፉ። ጥያቄውን ግን ለልጆቻቸው አወረሱ። ጥያቄ ራሱ አደራ እንደሚሆን ያየነው እዚህ ላይ ነው።

ቅርስ ሥራ ይሠራል

«ቅርስ ሆድ አይሞላም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ለሚል ሰው ኮንሶን ማሳየት ነው።

የኮንሶ ምድር ዳገታማና ድርቅ የሚያጠቃው ነው። ዝናብ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ሕዝቡ ዳገቱን በደረቅ የድንጋይ ካብ እርከን እየሠራ፣ ውኃውን እያቆመ፣ አፈሩን እያዘ ለ21 ትውልድ፣ ማለትም ከአራት መቶ ዓመት በላይ አርሶበታል። እርከኑ ያለ ሲሚንቶ የተካበ በመሆኑ በየዓመቱ ይጠገናል። የሚጠግነው አንድ ሰው ብቻውን አይደለም፤ ሥራው በማኅበር የሚሠራ፣ በሥርዓት የሚታዘዝ ነው። የሚያከብሩት ሽማግሌ፣ ለጀግና የሚያቆሙት ዋካ የተባለው የእንጨት ምስል፣ የትውልድ ርክክቡ ሁሉ ከእርከኑ ጋር የተሳሰረ ነው። ሥርዓቱ ቢፈርስ ካቡን የሚጠግን አይኖርም፤ ካቡ ቢፈርስ አፈሩ ይሄዳል፤ አፈሩ ቢሄድ እህል የለም። ስለዚህ ኮንሶ ላይ ቅርስ ቃል በቃል ሆድ ይሞላል።

ከኮንሶ ወጥተን ወደ ከተማ ሰፈር እንምጣ። አንድ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ወንበሩን የሚያመጣው፣ ሦስት ቀን ከለቀስተኛው ጋር የሚቀመጠው እድሩ ነው። እድር ሙዚየም ውስጥ አይታይም፤ የጉብኝት ትኬት አይቆረጥለትም። ነገር ግን ኢንሹራንስ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል፣ ለብቸኛው ሰው ጎረቤት ይሰጠዋል። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በለንደንና በዱባይ ያሉ ኢትዮጵያውያን አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ወይም የታመመን ለማሳከም ሲያዋጡ፣ አያቶቻቸው በመንደር የሠሩበትን ስልት በባንክ ሂሳብና በስልክ መልእክት እያስቀጠሉት ነው። ዕቃ ሳይዙ የወጡ ሰዎች ሻንጣቸው ውስጥ ሳያውቁት ይዘውት የሄዱት ቅርስ ይህ ነው።

ገዳንም እንይ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ መደብ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። መሪ የሚሆነው ሰው በልዩ ልዩ የዕድሜ ደረጃ እያለፈ ሲማርና ሲዘጋጅ የቆየ ነው። ሥልጣን የሚያዝበት ብቻ ሳይሆን የሚለቀቅበትም ቀን አስቀድሞ መታወቁ ለዛሬው ዓለም የሚያስተምረው ነገር አለ። ቅርስ እንዲህ ሲታይ የትናንት ትዝታ ከመሆን አልፎ ተፈትኖ ያለፈ የኑሮ ልምድ ይሆናል።

የቱሪዝም ገቢም አለ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛዋ፣ መስቀል የሚቀርጸው ወጣት፣ በቅሎ የሚያከራየው ገበሬ ሁሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር የተያያዘ እንጀራ አላቸው። ሰላም ሲታጣ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ ግን ጎብኚው በአንድ ቀን ይቀራል። ቅርስን ለጎብኚ ብቻ የያዘ ከተማ ጎብኚው ሲቀር ለምን እንደሚጠብቀው ይጠፋዋል። ላሊበላ እንዲህ ባለ ጊዜ የማይዘጋው በሩን የሚከፍቱት ካህናትና ተሳላሚው ሕዝብ ስላሉ ነው። ገቢው ፍሬ ነው፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው።

የተሰማ ጸሎት

ቅርስ ሳይሞት ሊለወጥ እንደሚችል ከሚያሳዩት መካከል የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል አንዱ ነው። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ከማስተሰረያው ጾም 50 ቀን በኋላ ጾመው፣ ነጭ ለብሰው ተራራ ይወጡ ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን በግእዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይጸልያል፤ ከዚያም ወርዶ በደስታ ይበላል።

ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ብዙዎቹ እስራኤል ገቡ። ያን ጊዜ ከባድ ጥያቄ ተነሣ፦ ኢየሩሳሌም የገባ ሰው ኢየሩሳሌምን ለማየት ለምን ይጸልያል? በዓሉ ሥራውን ጨርሷል ማለት ይቻል ነበር። እነሱ ግን አልተዉትም። ዛሬ በየዓመቱ ቄሶቹ ጥላ ይዘው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከተማይቱ ቁልቁል በምትታይበት ከፍታ ላይ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን ብሔራዊ በዓል አደረገው።

የድሮው ልመና ዛሬ ምስጋናም፣ ምስክርነትም ሆኗል። በዕብራይስጥ ያደገው ወጣት የቄሱን ግእዝ ሁሉንም ባይሰማም፣ አያቱ በባዶ እግሯ የሄደችበትን መንገድ በዚያ ቀን ያስባል። ለሌላውም የአገሩ ሰው «እኛ ባዶ እጃችንን አልመጣንም» ይላል። ቅርስ በአዲስ አገር አዲስ ሥራ ሲያገኝ ይህን ይመስላል። ሥርዓቱ የቀጠለው የሚጠየቀውን አዲስ ጥያቄ መመለስ ስለቻለ ነው።

ሁሉ ወግ ቅርስ ነው?

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ከአያቶቻችን የወረስነው ሁሉ መልካም ነው? የሴት ልጅ ግርዛት ወግ ነበር። ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርም ወግ ነበር። ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን መናቅም ወግ ነበር፤ ዛሬ በኩራት የምናሳየውን ጀበና፣ ጥበብና መስቀል የሠሩልን እነዚያው የተናቁት እጆች መሆናቸው ደግሞ ያሳዝናል።

ይህን በተመለከተ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ስምምነት ግልጽ መለኪያ አስቀምጧል፦ ከሰብአዊ መብትና ከማኅበረሰቦች መከባበር ጋር የማይስማማ ልማድ በስምምነቱ መሠረት እንደ ቅርስ አይቆጠርም። እኛም በአደራው መለኪያ ብናየው እዚያው እንደርሳለን። አደራ የሚረከበውን ሰው የሚያስብ ነው። የሚረከባትን ልጅ የሚያቆስል ነገር አደራ ሊባል አይችልም። ስለዚህ በመሐል የቆመው ትውልድ ሥራ መሸከም ብቻ ሳይሆን ማበጠርም ነው። ስንዴን ከእንክርዳድ የሚለይ ሰው ስንዴውን ናቀ አይባልም።

ቅርስ የሚጠፋባቸው መንገዶች

ስለ ቅርስ መጥፋት ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበን ሌባና ጦርነት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ ቤልጂየም ውስጥ ተገኝቷል፤ ደግነቱ ተመልሷል። በትግራይ በነበረው ጦርነት የአልነጃሺ መስጊድ ተመትቶ ሲጎዳ ሐዘኑ የሙስሊሙ ብቻ አልነበረም። ስደተኛን የተቀበለች አገር ታሪክ ምስክር ነውና ሁሉም ተጎድቷል።

ሌሎች ሁለት መንገዶች ግን ድምፅ ስለሌላቸው አይታወቁም። አንደኛው በቅን ልቦና የሚደረግ ጥፋት ነው። ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው የቤተ ክርስቲያናቸውን የቆየ የግድግዳ ሥዕል በአዲስ የዘይት ቀለም ያስቀቡታል፤ በጭቃና በእንጨት የተሠራውን አፍርሰው በሲሚንቶ ይተኩታል። ፍቅር አለ፤ ዕውቀት ግን አልተጨመረበትም። ባለሙያም ከዚህ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ላሊበላን ከዝናብ ለመከላከል የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎች ራሳቸው በክብደታቸውና በነፋስ ምክንያት ለአካባቢው ሰው ስጋት ሆነዋል። ቅርስን ማከም ሕመምተኛን እንደማከም ነው፤ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ሕመሙ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ድምፅ የለሽ መንገድ መልመድ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። በየቀኑ የምናልፍበት የድሮ ቤት፣ በየዓመቱ የምንሰማው የአባት ፉከራ፣ እናት ስታበጥር የምታንጎራጉረው እንጉርጉሮ ነገም የሚኖር ይመስለናል። የምናውቀው ከሄደ በኋላ ነው።

ከልማድ የነቃ ሰው ግን ብቻውን ብዙ ይሠራል። በኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ይኖሩ የነበሩት ስደተኛው አቶ ሲራክ አስፋው እ.ኤ.አ. በ1998 ቤታቸው ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አንድ ዘውድ አገኙ። ዘውዱ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ የትግራይ የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነበር። ከቤታቸው እንዲወጣ አልፈቀዱም። ለማን ቢሰጡት በደህና አገሩ እንደሚገባ እርግጠኛ ስላልነበሩ ለ21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ዘውዱ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዘውዱን አልሠሩትም፤ የሚረከበውንም ትውልድ አያውቁትም። በመሐል ነበሩ፤ በመሐል ያለ ሰው ሊያደርግ የሚገባውን አደረጉ።

ከእጃችን ያለው

የአገራችን ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባል ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ቅርስ በግለሰብም በመንግሥትም እጅ ሊሆን ይችላል፤ የያዘው ሰው ግን የመንከባከብ ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ሲቆፍር ወይም ሲያርስ ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማስታወቅ አለበት። ሕጉ የሚናገረው በደረቅ ቃል ቢሆንም መልእክቱ አባቶች ካሉት አይርቅም፦ አደራ ነው።

ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም። ባለሙያዎች ምን እንደሠሩ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ ተቀመጠ። ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተቀርጸዋል። በደርግ ዘመን በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የቀሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ሆነው በብዙ ድካም እያነበቡ ለይተው፣ ማን እንደጻፈው፣ ስለ ምን እንደሆነ በዝርዝር አሰፈሩት። ፊልሙ መጽሐፉን አይተካም፤ መጽሐፉ ቢጠፋ ግን ቃሉ አይጠፋም። ሐረር ውስጥ ደግሞ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያረጁ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍትን፣ የድሮ ዘፈን ቅጂዎችን፣ ጌጣጌጦችን ከራሳቸው ቤት ጀምረው ሰብስበው ሙዚየም አቋቋሙ። አንዱ በሩቅ አገር፣ አንዱ በጀጎል ውስጥ ሆነው ያንኑ ሥራ ሠሩ።

ከእኛ ከተራዎቹስ ምን ይጠበቃል? ወደ መጀመሪያዋ ሣጥን እንመለስ። ሣጥኗን የሚያጠፋት ብል ወይም ሌባ ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚያጠፋት ዕቃው ታሪኩን ሳይዝ ወደ ልጅ እጅ መድረሱ ነው። ታሪኩን ያላወረሰ ወላጅ ጨርቅ፣ ብርና ወረቀት ብቻ አወረሰ። ልጅ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል መልስ የሚሰጠው ካጣ፣ በቀጣዩ ቤት ለውጥ ዕቃው ከቆሻሻ ጋር ይወጣል፤ ልጁም አይፈረድበትም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ እናት ወይም አያት በሕይወት ካሉ፣ ሣጥኗን አብራችሁ ክፈቱ። ቀሚሱን ማን ሸመነው? ጥለቱን ማን መረጠው? ደረሰኙ የየትኛው መሬት ነው? አምባሩ ከማን ለማን ተሰጠ? ስትመልስ በስልካችሁ ድምፅዋን ቅዱ። ፎቶግራፉን አዙሩትና ከጀርባው፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ ቀለሙ ወደ ፊቱ እንዳያልፍ በብዕር ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፦ ከግራ ወደ ቀኝ እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደተነሡት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። ከሥሩ ደግሞ ይህን የነገረቻችሁን ሰው ስምና የጻፋችሁበትን ቀን ጨምሩ።

ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ያንን ፎቶ የሚያገላብጥ ልጅ እናንተን አያውቃችሁም። ከፊት ያሉትንም አያውቃቸውም። ጀርባውን ሲያነብ ግን ማን እንደሆኑ ያውቃል፤ ማን እንደነገረችውም ያውቃል። ሣጥኗንም ይዘጋትና ቁልፏን ያስቀምጣል።